30 ዓመት በናዝሬት፦ የገና መልእክት ከጅማ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለጌታችንና ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ! 43ቱን ቀን የነቢያት ጾም ጾማችሁ ለዛሬ የበቃችሁ፣ ሌሊቱን በማኅሌትና በቅዳሴ ያነጋችሁ፣ ተረኛ ሆናችሁ ሥራ ላይ ያደራችሁ፣ ታማችሁ ከቤት ያልወጣችሁ፣ ሁላችሁም እንኳን አደረሳችሁ።

ዘንድሮ አንድ ሐሳብ ይዞኝ አልለቅ ብሏል። ከገና እስከ ጥምቀት ሁለት ሳምንት እንኳ አይሞላም። ታኅሣሥ 29 ቀን “ተወለደ” ብለን ዘምረን፣ የበዓሉ ቄጤማ በወጉ ሳይጠረግ ጥር 11 ቀን ዮርዳኖስ ላይ እናገኘዋለን። በእነዚህ በሁለቱ በዓላት መካከል ግን 30 ዓመት አለ። ሉቃስ ጌታችን ማስተማር ሲጀምር ዕድሜው 30 ዓመት ያህል እንደነበር ጽፎልናል። ከዚያ ሁሉ ዘመን ወንጌል የሚነግረን ጥቂት ነው። ሕፃን ሳለ ወደ ቤተ መቅደስ መወሰዱን፣ ከሄሮድስ ሸሽተው ግብፅ መሰደዳቸውን፣ ተመልሰው ናዝሬት መግባታቸውን፣ በ12 ዓመቱ በቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል መገኘቱን። ከዚያ ከእናቱና ከዮሴፍ ጋር ወደ ናዝሬት ወረደ፣ ይታዘዝላቸውም ነበር ይላል። በቃ።

ስለ ጌታችን ስናስብ ልባችን ቶሎ ወደ ተአምራቱ ይሮጣል። ዕውር ሲያበራ፣ ሙት ሲያስነሣ፣ ማዕበል ሲገሥጽ። ቢሮጥም አይፈረድበትም። ነገር ግን አብዛኛውን ምድራዊ ዘመኑን የኖረው እዚያች ከተማ ውስጥ፣ ከሰፈር ሰው ጋር ነው። እጁ እንጨት ይሠራ ነበር። በኋላ ናዝሬት ተመልሶ ሲያስተምር ሰዎቹ “ይህስ ጸራቢው የማርያም ልጅ አይደለምን?” ብለው ተሰናከሉበት። እስቲ አስቡት! አብሯቸው ስላደገ፣ በየቀኑ ስላዩት፣ ማንነቱ ተሰወረባቸው። እስከዚህ ድረስ ነው የቀረበን። እኔን ይህ ያስለቅሰኛል።

እንግዳ ሆኖ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነበር። ለእንግዳ ደህናው ወንበር ይለቀቅለታል፤ የቤቱ ገመና ይሸፈንለታል፤ በልቶ፣ መርቆ ይሄዳል። አብሮ የሚኖር ግን ጓዳው ሲጎድል ያያል። ባልና ሚስት ሲጋጩ ይሰማል። ለቅሶ ሲመጣ እዚያው ነው። ዮሐንስ “ቃልም ሥጋ ሆነ፤ ጸጋንና እውነትንም ተመልቶ በእኛ አደረ” ያለውን ሳነብ ይህን ሁሉ አያለሁ።

ደግሞ የየትኛው ቤት ልጅ ሆነ? እመቤታችንና ዮሴፍ ሕፃኑን ይዘው ወደ ቤተ መቅደስ ሲወጡ ያቀረቡት ሁለት ወፎች ነው። ኦሪት እናት ከወለደች በኋላ ጠቦት እንድታቀርብ ታዛለች፤ ጠቦት የማትችል ግን ሁለት ዋኖሶች ወይም ሁለት የርግብ ግልገሎች ታምጣ ይላል። እነሱ ያመጡት የድሃውን ነው። ሰሞኑን ገበያ ላይ አንድ አባት አየሁ። የበጉን ወገብ ጨበጥ አደረገ፤ ዋጋ ጠየቀ፤ ሰማ፤ እጁን ቀስ ብሎ አነሣ። አብሮት የነበረው ልጅ ግን የበጉን ገመድ እንደያዘ ነበር። ወንድሜ ሆይ፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሰህ አንድ ነገር ልበልህ፦ ጌታችን የተወለደው በግ ካልገዛ ቤት ነው። በዓሉ የአንተም ነው።

በእኛ ግቢ የገና ዋዜማ ሽንኩርት የሚከተፈው ብዙ ሰው ተሰብስቦ ነው። ሙስሊሟ ጎረቤታችን የራሳቸውን ቢላዋ ይዘው ይመጣሉ። ዶሯችንን እንደማይበሉ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኛም እናውቃለን። ሆኖም በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን እየጠረጉ ይከትፋሉ። እናቴ በኮባ የተጋገረው ድፎ እንደተቆረሰ የእሳቸውን ድርሻ ቀድማ ታነሣለች። በረመዳን ደግሞ ማታ ማታ ትኩስ ሳምቡሳ በሳህን ተሸፍኖ ይመጣልናል። ሳህን ባዶውን አይመለስም። የሃይማኖታችን ልዩነት ትልቅ ነው፤ አቅልዬ አላየውም። ግን ስለ ናዝሬት ሳስብ ወደ ልቤ የሚመጣው ይህ ግቢ ነው። በሩ የማይዘጋ፣ ሰው የሰውን ሳል የሚለይበት።

አሁን ጅማ ዙሪያ የቡና ለቀማ ወቅት ነው። ከሩቅ ቀበሌ ለለቀማ መጥተው በዓሉን በሰው አገር የሚውሉ ልጆች አሉ። ዩኒቨርሲቲ ግቢ ቀርተው እናታቸውን በስልክ የሚያጽናኑ ተማሪዎች አሉ። ማደሪያ ስፍራ ስላልነበራቸው በግርግም አስተኛችው የሚለውን ዛሬ ሌሊት ሰምተን የወጣን ሰዎች፣ ከማዕዳችን ዙሪያ አንድ በርጩማ ጨምረን እናስቀምጥ። ወጡ ለአንድ ሰው አያንስም።

እናንተ ተማሪዎችና ለቃሚዎችም አትፈሩ። እዚሁ ጅማ ከአጂፕ ሰፈር እስከ ጅሬን ቡና የሚሸትበትን በር አንኳኩና “እንኳን አደረሳችሁ” በሉ። ለገና የመጣ ሰው ከደጅ አይመለስም። የእኛ ቤት ቡና ሦስተኛው እስኪወርድ እስከ ማታ ነው፤ የምታውቁኝ ኑ።

መልካም በዓል!