አባ፣ ጋቢያቸውና የኔ ካፌ ሬሰር

በጎጃም መንገድ የኋላ መቀመጫውን ባዶ አድርጎ የሚያልፍ ሞተረኛ ስሙ ይጠፋል። እሱ ቤቱ ሳይደርስ ወሬው ይቀድመዋል፤ እናቱን ገበያ ላይ አግኝተው «ልጅሽ እኮ አይቶ እንዳላየ አለፈኝ» ይሏታል። እንግዲህ የኔ ሞተር የኋላ መቀመጫ የሚባል ነገር ጭራሽ የለውም። ሆን ተብሎ ነው የተቆረጠው። ይህን ለደብረ ማርቆስ ሰው ማስረዳት ምን ያህል እንደሚያደክም የሚያውቀው የሞከረ ብቻ ነው።

ሞተሩ ካፌ ሬሰር ይባላል። በፈረንጆቹ 1950ዎቹና 60ዎቹ እንግሊዝ አገር ሮከር የሚባሉ፣ ጥቁር ቆዳ ጃኬት የሚለብሱ ወጣቶች ነበሩ። ከአንዱ ካፌ ተነስቶ ሌላው ካፌ ድረስ መሽቀዳደም ነው ሥራቸው። ለንደን ውስጥ ኖርዝ ሰርኩላር በሚባለው መንገድ ዳር ኤስ ካፌ የሚባል ቤት ነበራቸው። በ1938 ሲከፈት የከባድ መኪና ሾፌሮች ሻይ የሚጠጡበት ነበር፤ በጦርነቱ በቦምብ ፈረሰ፣ በ1949 እንደገና ተሠራ፣ በ1969 ተዘጋ፤ አሁን ደግሞ ተከፍቷል። ልጆቹ ከፋብሪካ የወጣውን ሞተር ይገዙና ለፍጥነት የማይረዳውን ሁሉ ይነቅላሉ። መሪውን ዝቅ፣ የእግር መርገጫውን ወደ ኋላ ሸሸት፣ መቀመጫውን ለአንድ ሰው ብቻ ያደርጉና ከኋላው ጉብታ ያበጁለታል። ትራያምፍ የሚባለውን ሞተርሳይክል ኤንጂን ኖርተን በሚባለው ሌላ ሞተርሳይክል ፍሬም ላይ ገጥመው «ትራይተን» ያሉትም እነሱው ናቸው። ሕልማቸው በሰዓት 100 ማይል፣ በኛ 160 ኪሎ ሜትር መንካት ነበር። የሙዚቃ ሳጥኑ ውስጥ ሳንቲም ጥለው፣ ዘፈኑ ሳያልቅ ዞረው ይመለሱ ነበርም ይባላል። ደብረ ማርቆስ ላይ ይህ አይሠራም፤ አንድ የሰርግ ዘፈን እስኪያልቅ ደጀን ተደርሶ ይመለሳል።

እኛ ሦስት ነን። አንዱ መካኒክ፣ አንዱ በያጅ፣ ሦስተኛው እኔ። የኔ ሥራ ስልክ ላይ ፎቶ እያሳየሁ «ልክ እንዲህ አድርጉት» ማለት ነው።

ሞተሩ ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣ ሆንዳ ሲጂ 125 ነው። ሆንዳ ይህን ዓይነቱን በፈረንጆቹ 1970ዎቹ አጋማሽ ያወጣው አቧራና ጭቃ ለሚበዛባቸው፣ ሰርቪስ ለሚረሳባቸው አገሮች አስቦ ነው። ውስጡ ቀላል ነው፤ ቫልቮቹን በዘንግ እየገፋ ይከፍታል እንጂ በየጊዜው የሚላላ የውስጥ ካቴና የለውም። የኋላውን ካቴናም ከጭቃ እንዲድን ብሎ ዙሪያውን በላሜራ ሸፍኖታል። ይህችን ላሜራ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ።

መካኒኩ ዕቃ በነቀለ ቁጥር ያለቅሳል። «ሰው ሞተር ይዞ ሲመጣ ጨምርልኝ ነው የሚለኝ። ፖርቶ መጋላ ጨምር፣ መስታወት ጨምር፣ መብራት ጨምር። አንተ ከየት የመጣህ ሰው ነህ ቀንስልኝ የምትል?» ጋራዡ በር ላይ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ደግሞ ቆም ይልና ደረቱን ይመታል። «ወይኔ! ነጂው ተረፈ?» ተረፈ እንላለን። «እግዜር ያወጣው!» ብሎ ይሄዳል። አንድ ሽማግሌማ ለማሳከሚያ ብለው ብር አውጥተው ነበር፤ በስንት ልመና ነው የመለስንላቸው።

ጉብታውን በያጁ ከላሜራ ቀጥቅጦ ሠራው፣ በስቱኮ አለሰለሰው። ቆዳውን ለማልበስ ኮርቻ ሰፊ ዘንድ ወሰድነው። ሰውየው አገላብጠው፣ አገላብጠው አዩትና «ለፈረስ ነው ለበቅሎ?» አሉ። ለሞተር ነው ስንላቸው ዋጋ ጨመሩ።

ካርቡራተሩ ላይ ትልቅ ክርክር ተነስቶ ነበር። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛና ካንዴላው ይጠቁራል፤ ስለዚህ ጂግለሩ፣ ቤንዚን የሚያሳልፈው ባለቀዳዳ ቁራጭ፣ በትንሽ መቀየር አለበት አልኩ። መካኒኩ በበኩሉ የአየር ማጣሪያውን ሣጥን ነቅለን ማርሚታውንም በቀጭን ቧንቧ ስለተካን አየር እንደልቡ ይገባል፤ ስለዚህ ጂግለሩ በትልቅ ነው መቀየር ያለበት አለ። ተከራክረን፣ ተከራክረን «እንግዲያው ይጣጣሉ» ብለን ሳንነካው ተውነው። ሠራም። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ቧንቧው ከሲሊንደሩ ጋር በሚገናኝበት በኩል አየር ያስገባል፤ ነዳጅ ለቀቅ ባደረግኩ ቁጥር ሞተሩ ይተኩሳል። ዷ! ዷ! መካኒኩ «ይኼ ለሞገስ ነው» አለኝ።

አነዳዱን ልንገራችሁ። መሪው ከጉልበት በላይ ብዙም አይደለም፤ ደረት ታንኩ ላይ ይተኛል፤ እግር ወደ ኋላ ይታጠፋል። ለንደን ላይ ይህ ፍጥነት ነው። እዚህ የሆድ ቁርጠት ነው። መንገድ ላይ «እግዜር ይማርህ!» የሚለኝ ሰው ብዛት ሆስፒታል ተኝቼ እንኳ አላገኘውም። አንዲት እናት ለልጃቸው ሲነግሯት በጆሮዬ ሰምቻለሁ፦ «ሆዱን ነው። አየሽ ምግብ ሳያማርጡ መብላት!»

ወሩ 28 ቀን ነበር። አማኑኤል ነው። እኔም ወደ አማኑኤል ከተማ ልሄድ ማልጄ ወጣሁ። ሰዉ ነጠላውን አጣፍቶ ከቅዳሴ ይመለሳል። ከከተማው መውጫ ላይ አንድ ነጭ ጥምጣም መሐል መንገድ ቆሞ መቋሚያውን ወደ ሰማይ አነሳ። ቀረብ ስል አባ ናቸው፤ የእናቴ የነፍስ አባት። ከዓለም ሰው ሁሉ ማለፍ የማልችለው አንድ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው።

«እንደምን አደሩ አባ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ወዴት ነህ ልጄ?»

«አማኑኤል ድረስ።»

«ይኸው! አማኑኤል ለዝክሩ ተሽከርካሪ ላከልኝ!»

«አባ፣ ይኼ ሞተር እኮ የኋላ መቀመጫ የለውም።»

«ይህስ?» ጉብታውን በመቋሚያቸው ጫፍ ኳ ኳ አደረጉት።

«እሱ ጌጥ ነው።»

«ጌጥ!» አሉ። ትንሽ አሰቡ። «እንግዲህ ጌጡ ላይ እንቀመጣለን።»

ወጡ። የኋላ መርገጫ ስለሌለ እግራቸውን በባቶቼ ላይ አሳረፉ። ጉብታው ከኔ መቀመጫ ስለሚበልጥ እሳቸው ከላይ፣ እኔ ከታች ሆንን። ጥላቸውን ዘረጉ። ጥቂት እንደሄድን ጀርባዬ ላይ አንድ ነገር ተቀመጠ፤ ቀጥሎ የገጽ መገለጥ ሰማሁ። ጀርባዬን እንደ አትሮንስ ተጠቅመው ዳዊት እየደገሙ ነው። «ልጄ፣ ይህን የሠሩት ሰዎች ሃይማኖተኞች መሆን አለባቸው» አሉኝ በመሐል። ሮከሮቹ ይስሙ።

ከፊት ለሚመጣ ሰው እኔ ከመብራቱ ኋላ ተሸሽጌያለሁ፤ የሚታየው አባ ብቻ ናቸው። «ቄሱ ሞተር ይነዳሉ!» ብሎ አንድ ሕፃን ጮኸ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ሁሉ አወቀን። ከቅዳሴ የሚመለሰው ሕዝብ ቄስ አይቶ መስቀል ሳይሳለም አያልፍም፤ አባም መስቀል የሚሳለም አይተው አያልፉም። ትከሻዬን በመቋሚያው ይነኩኛል፤ ነዳጅ እለቃለሁ፤ ሞተሩ ዷ! ይላል፤ ሰዉ ይደነግጣል፣ ያማትባል፣ ይሳለማል። እንነሳለን። ሃምሳ እርምጃ። ትከሻዬን። ዷ! አንድ ገበሬ ከማሳው ቀና ብሎ «ደግሞ ዛሬ የማን ሰርግ ነው?» ሲል ሰማሁ። በዚህ አካሄድ ያየሁት ትልቁ ፍጥነት በቅሎ የቀደመችንን ጊዜ ነው፤ እሱም የበቅሎዋ ነው።

አማኑኤል ሊታይ ሲል ነው ነገሩ የመጣው።

«ያዘኝ!» አሉ አባ።

«ማን?»

«እኔ እንጃ! ከኋላ ነው!»

የኋላ ጎማው ቀጥ አለ፤ ሞተሩ አንዴ ተኩሶ ጠፋ። ወርጄ አየሁ። ያቺ በልባችሁ ያዙልኝ ያልኳችሁ ላሜራ የለችማ፤ ፎቶው ላይ የካፌ ሬሰር ካቴና ክፍት ነው፣ ለውበት ብለን ነቅለናታል። የአባ ጋቢ ጫፍ ካቴናው ውስጥ ገብቶ በጥርሱ ላይ ተጠቅልሏል። አባ ግማሹን ለብሰውታል፣ ሆንዳው ግማሹን።

ሰው ተሰበሰበ። አረንጓዴ ቁምጣ የለበሰ ጎልማሳ ዱላውን ለሌላ አስይዞ ቢላዋ መዘዘ። «አባ፣ ልቁረጠው?»

«ንክች እንዳታደርገው! ባለቤቴ በእጇ የፈተለችው ነው!»

«ታዲያ ምን ልቁረጥ?»

«ሞተሩን ቁረጠው።»

ሰውየው ሞተሩን ዞር ዞር ብሎ አየውና «ይኼማ ሌላ ሰው ጀምሮታል» አለ።

በመጨረሻ መፍትሔው ተገኘ። ፍሪሲዮን ሳይሆን ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጌ ሞተሩን ወደ ኋላ ስንገፋው ካቴናው ወደ ኋላ ይዞራል፤ ጋቢውን ትንሽ ትንሽ እያደረገ ይተፋል። ገፋን። ስንዝር ወጣ። ገፋን። ሌላ ስንዝር። አባ ግን ፊታቸው ጠቆረ። «ልጆቼ፣ ዝክሩ በዚያ በኩል ነው፤ እናንተ ወደ ደብረ ማርቆስ እየመለሳችሁኝ ነው።» እውነታቸውን ነው። ባለቁምጣው ጭንቅላቱን አከከና «ፊቱን ወደ ማርቆስ እናዙረውና ወደ ኋላ ወደ አማኑኤል እንግፋው» አለ። እንዲህ ዓይነት ሰው መሐንዲስ ሆኖ ያለመማሩ ይቆጨኛል።

እንዲያ ተደረገ። አማኑኤል ከተማ የገባነው በጀርባችን ነው። እኔ መሪውን ይዤ ወደ ማርቆስ እያየሁ፣ አምስት ስድስት ጎረምሳ ከፊት መብራቱን እየገፋ፣ አባ ከኋላ ጎማው አጠገብ የጋቢያቸውን ጫፍ በአንድ እጅ፣ መስቀላቸውን በሌላው ይዘው እያሳለሙ። አንዲት ሴት ምን እንደሆነ ሳታውቅ እልል አለች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት። ጋቢው ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላም መግፋቱ አልቆመም፤ ሰዉ ሞቅ ብሎታል። ዝክሩ ቤት ደጃፍ ድረስ ገፍተው አቆሙን።

ጋቢው አልተቀደደም። ግን ከጥለቱ ጎን ለጎን፣ በእኩል በእኩል ርቀት፣ ሁለት ረድፍ ጥቁር የግራሶ ነጠብጣብ ታትሞበታል። ጠላና ዳቦ ቀርቦ ሰው እንደተቀመጠ አንዲት ወይዘሮ የጋቢውን ጫፍ ይዘው በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ።

«አባ፣ ይህ ጥለት አዲስ ነው። ያምራል። ሸማኔው ማነው?»

«ሆንዳ» አሉ አባ።

ማታ እናቴ ደወለች። አባ ቀድመው ነግረዋታል። «ልጅሽ ደግ ነው፣ ዳር ድረስ አድርሶኛል፤ ወገቡ ግን ቀና አይልም፤ ጠበል ይግባ» ብለዋታል። እሷ እያለቀሰች ነው። ጎንበስ የሚያደርገኝ መሪው መሆኑን፣ እንግሊዞችም እንደዚሁ እንደሚሆኑ ለማስረዳት ሞከርኩ። «እንግሊዞቹም ጠበል ይግቡ» አለች። ገባሁ። ብርዱን ለጎጃም ሰው አልነግረውም።

መካኒኩ የካቴናውን ላሜራ መልሶ ገጠመው። እንዳልጣለው ገርሞኝ ነበር፤ ለካ ጋራዡ ጓሮ ዶሮ እንቁላል ትጥልበት ኖሯል። ለዶሮዋ ባልዲ ተተካላት። የኋላ መርገጫም በየደልኝ፤ ቧንቧውንም አጠባበቀው፤ ተኩሱ ቆመ ማለት ይቻላል። አባ ይህን ሁሉ ሰምተው ጋራዥ ድረስ መጡና እየዞሩ መረቁት፤ መርገጫውን በእግራቸው ሞከሩት፤ ደስ አላቸው።

«ለሚመጣው 28 ዲያቆኑም አብሮን ነው» አሉ።

«አባ፣ ዲያቆኑ የት ይቀመጣል?»

«እሱ ጌጡ ላይ፣ እኔ ባንተ ቦታ።» ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንተማ ተኝተህ ነው የምትነዳው።»