«ጥሩ ነው» ያሉን ባለሱቆች

ነገሩ የሆነው በ2014 ዓ.ም. ነው። እኔና ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ከቢሮ ስንወጣ ማታ ማታ አንድ መተግበሪያ እንሠራ ነበር። የሰፈር ባለሱቅ ሳሙና፣ ፓስታ ወይ ዘይት ሲያልቅበት ሱቁን ዘግቶ መርካቶ ከሚሄድ በስልኩ ያዛል፣ እኛ እናደርስለታለን። ቴሌብርም ግንቦት 2013 ሥራ ጀምሯል፣ ክፍያው አያስቸግርም ብለን ነበር።

ሦስት ወር ሠርተን ገርጂ አካባቢ ለ23 ባለሱቆች አሳየን። ሁሉም «ጥሩ ነው፣ በርቱ» አሉን። አንድም እምቢ ያለ የለም! አንደኛው ጓደኛችን እንዲያውም የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤውን ጽፎ ጨርሶ ነበር።

እንዳያስገባው የለመነችው አለቃችን ናት፣ ከዚህ በፊት የራሷን ድርጅት ከፍታ ስለነበር ነገሩን ታውቀዋለች። «ሰው እኮ ፊት ለፊት አያስቀይማችሁም» አለች። «ወደዳችሁት ወይ ብላችሁ አትጠይቁ። ባለፈው ሳምንት ዕቃ እንዴት እንዳስገቡ ጠይቋቸው፣ ከዚያ ለመጀመሪያው ትእዛዝ 200 ብር ቀብድ ክፈሉ በሏቸው።»

ተመልሰን ሄድን። የከፈሉት ሁለት ብቻ ናቸው። ሌሎቹ «እስቲ እናያለን» አሉ።

አንድ ጋሼ ግን ከባንኮኒው ሥር የዱቤ ደብተራቸውን አውጥተው ገጽ በገጽ አሳዩን። አከፋፋዩ በየሳምንቱ በአይሱዙ ይመጣል፣ ያለፈውን ሳምንት ሒሳብ ይቀበልና የዚህን ሳምንት ዕቃ በዱቤ አራግፎ ይሄዳል። እሳቸውም ለጎረቤቱ እስከ ደመወዝ ድረስ በዱቤ ይሸጣሉ። «ልጆቼ፣ እናንተ ገንዘቡን ወዲያው ነው የምትፈልጉት፣ እኔ ከየት አመጣለሁ?» አሉን። መርካቶ የሚሄዱት አልፎ አልፎ ነው፣ ያውም ዋጋ ሰምተው ለመምጣት ጭምር። እኛ ሦስት ወር ሙሉ የለፋነው መንገዱን ልናሳጥርላቸው ነበር፣ እሳቸውን ያስጨነቃቸው ግን የገንዘቡ ቀን ነው።

ማታ ቁጭ ብለን አሰላነው። ለ23ቱ ሱቆች ለእያንዳንዳቸው በሳምንት የ15,000 ብር ዕቃ በዱቤ ብናስገባ 345,000 ብር እጃችን ላይ መኖር አለበት። የሦስታችን ቁጠባ ተደምሮ 90,000 አይሞላም።

ደብተሩን ለማየት አንድ ከሰዓት በቂ ነበር። ያን ከሰዓት ከኮዱ በፊት አለማድረጋችን እስካሁን ይቆጨኛል።

በማግስቱ ለሁለቱ ባለሱቆች 200 ብራቸውን በቴሌብር መለስን። ጓደኛችንም ደብዳቤውን ቀደደው።