የሎሚ ሕግ፦ አዲሷን መኪናዬን መልሼ ገንዘቤን ያገኘሁበት መንገድ

በእኛ አገር ሎሚ በጥምቀት ለወደዷት ልጅ ይወረወራል። አሜሪካ ውስጥ ግን ሎሚ የሚሉት ከፋብሪካ ጉድለት ይዞ የወጣን፣ ቢጠግኑት ቢጠግኑት የማይድን መኪና ነው። እንዲህ ዓይነት መኪና የደረሰበት ሰው ገንዘቡን የሚያስመልስበት ሕግም በዚሁ ስም ይጠራል። መጀመሪያ ያወጣችው ኮነቲከት ናት፣ በ1982። ዛሬ በሁሉም ስቴት አለ፤ ዝርዝሩ ግን ይለያያል። እኔ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የምነግራችሁም የሜሪላንዱን ነው። አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ያን ሁሉ ወር አልንከራተትም ነበር።

መኪናዋን የገዛሁት በ2022 ማርች ነው። አዲስ ናት፤ 34,600 ዶላር። 6,000 ቅድሚያ ከፍዬ የቀረውን ከክሬዲት ዩኒየን፣ ከቁጠባና ብድር ማኅበር ማለት ነው፣ ተበደርኩ። የምሠራው ፍሬድሪክ፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ፣ ሌሊት ነው። ደርሶ መልስ ወደ 80 ማይል ይሆናል። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ።

ሜይ መጨረሻ ላይ፣ ጠዋት ከሥራ ስመለስ፣ 495 በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ሞተሯ ጠፋብኝ። ኮነቲከት አቬኑን አልፌ ወደ ጆርጂያ አቬኑ መውጫ እየተቃረብኩ ነበር። የዳሽቦርዱ መብራት ሁሉ አንድ ላይ በራ። መሪው ድንጋይ ሆነ። ነዳጅ ብረግጥ ምንም የለም። ከኋላዬ የነበረው የጭነት መኪና ጡሩንባውን ለቀቀው። መሪውን በሁለት እጄ እየታገልኩ እንደምንም ዳር አወጣኋት። እግሬ መንቀጥቀጡን እስኪተው ቁጭ አልኩ። ከዚያ ስሞክራት ምንም እንዳልሆነች ተነሳች። በማግስቱ ሁለቱን ልጆቼን ከኋላ ጭኜ የምወጣው በዚችው መኪና ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋቴ ልምጣ።

መኪናዋን የሸጠልኝ የእኛው ሰው ነበር፣ ሐበሻ። መጀመሪያ የሄድኩትም ለዚህ ነው። በቋንቋዬ ያስረዳኛል፣ አያታልለኝም ብዬ። ደውዬ የሆነውን ስነግረው «አይዞሽ እህቴ፣ እኔ እያለሁ ምን ያስጨንቅሻል? አምጫት» አለኝ። ወሰድኳት። ሰርቪስ ክፍል ወረፋ ሳልይዝ፣ በጓሮ በር አስገባልኝ። አንድ ልጅ ኮምፒውተር ሰክቶ አያት። «ሶፍትዌር ነው፣ አድሰነዋል» ተባልኩ። አመስግኜ ወጣሁ። ወረቀት አልተሰጠኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ጁን ላይ ደገመችኝ። አሁንም ለእሱው ደወልኩ። አሁንም በጓሮ በር። አሁንም ወረቀት የለም። እንዲያውም በዚያ ቀን ቡና ጋብዞኛል። ወረቀት ስጡኝ ማለት አሳፈረኝ። ያመነኝን ሰው የተጠራጠርኩት ይመስለኛል ብዬ ፈራሁ። ይሉኝታ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። የሸጠልኝ ልጅ ክፉ ነው አልልም። ሊረዳኝ የፈለገ ይመስለኛል። ግን ያ እርዳታው ነው የጎዳኝ። ሁለቱም ጉብኝቶቼ በየትኛውም መዝገብ ላይ የሉም። ኋላ ጠበቃዬ ከሰርቪስ ክፍሉ የመኪናዋን ታሪክ ሲያስወጣ ሜይና ጁን ባዶ ናቸው።

ሕጉ የሚለው እንዲህ ነው። መኪናውን ከተረከባችሁ በ24 ወር ወይም በ18,000 ማይል ውስጥ፣ ቀድሞ የሞላው ማለት ነው፣ ያው አንዱ ችግር አራት ጊዜ ተሞክሮ ካልተስተካከለ መኪናው ሎሚ ነው ብላችሁ መቆም ትችላላችሁ። በጥገና ምክንያት በድምሩ 30 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ከቆመባችሁም እንደዚያው። የስቴቱን የደህንነት ፍተሻ የሚያስጥል የፍሬን ወይም የመሪ ጉድለት ከሆነ ደግሞ አንድ ሙከራ ይበቃል። እኔ ሁለት ሙከራ ነበረኝ፤ የሚመሰክርልኝ ግን አንድም አልነበረም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል እያልን አድገን እኔ በቃል አመንኩ።

ሴፕቴምበር ላይ ስትጠፋብኝ ልጁ ሥራ ለቆ ነበር። ያን ጊዜ ነው እንደማንኛውም ደንበኛ በፊት ለፊት በር የገባሁት። የመጀመሪያውን የጥገና ወረቀት ያገኘሁትም ያን ዕለት ነው። ላዩ ላይ «ደንበኛዋ መኪናዋ አልፎ አልፎ ድምፅ ታሰማለች ትላለች፤ ችግሩ አልታየም» ይላል። ድምፅ? እኔ የነገርኳቸው አውራ ጎዳና ላይ ጠፋችብኝ ብዬ ነው። ሳላነብ ፈረምኩ። ከሌሊት ሥራ ወጥቼ፣ ዓይኔ እየተጨፈነ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት የሚወጡበት ሰዓት ደርሶ ፈረምኩ። እስካሁን ያናድደኛል።

እባካችሁ መኪናውን ስታስረክቡ የሚጻፈውን አንብቡ። በራሳችሁ ቃል እንዲጻፍ አድርጉ። «በ60 ማይል ፍጥነት እየሄደ ሞተሩ ጠፋ» እንዲል። የገባበት ቀንና ማይል፣ የወጣበት ቀንና ማይል ይኑርበት። «ምንም አላገኘንም» ቢሉም ወረቀቱን ተቀበሉ፤ እሱም ሙከራ ነው። እኔ ከዚያ በኋላ ስልኬን ዳሽቦርዱ ላይ አሰርኩ። ኦክቶበር ላይ ስትጠፋ ቪዲዮው ነበረኝ። ቪዲዮውን ሳሳየው የሰርቪሱ ሰውዬ ፊቱ ተለወጠ፤ አንድ ዕቃም ቀየሩላት። አልዳነችም። አንድ ነገር ልጨምር፦ የፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ የመኪናችሁን ሞዴል አስገብታችሁ ፈልጉ። የሌሎች ሰዎችን አቤቱታ ታገኛላችሁ። አምራቾች ለጥገና ክፍሎቻቸው የሚበትኗቸው የቴክኒክ ማስታወቂያዎችም እዚያ አሉ። የእኔን ችግር የሚገልጽ አንድ ገጽ አትሜ ወሰድኩ። ከዚያ ወዲያ «ችግሩ አልታየም» ያለኝ የለም።

ሁለተኛው ስህተቴ ደብዳቤው ነው። የሥራ ባልደረባዬ ስለ ሕጉ ነግራኝ ኖቬምበር ላይ ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩ። ሁሉንም ዘረዘርኩ። መኪናዋን ለሸጠልኝ ድርጅት በኢሜይል ላክሁት። ሁለት ወር ጠበቅኩ። በየሳምንቱ እደውላለሁ፤ «እየታየ ነው» ይሉኛል። ዲሴምበር ላይ እንደገና ወሰድኳት፤ ሦስተኛው ወረቀት። ጃንዋሪ ላይ አንድ ጠበቃ በስልክ በነፃ ሲያማክረኝ የመጀመሪያ ጥያቄው «ደብዳቤው ለማን ሄደ?» የሚል ነበር። ነገርኩት። ዝም አለ። ሕጉ የሚፈልገው ለአምራቹ፣ በሰርቲፋይድ ሜይል፣ ከመቀበያ ማረጋገጫ ጋር እንዲላክ ነው። አገር ቤት ሪኮማንዴ የምንለው ዓይነት መሆኑ ነው። ለሻጩ የላክሁት ኢሜይል በሕጉ ፊት ማስታወቂያ አልነበረም። የአምራቹ አድራሻ መኪናዋ ውስጥ በተቀመጠው የዋራንቲ መጽሐፍ ላይ ነበር። አሥር ወር ሙሉ ኪሷ ውስጥ ይዣት ስዞር።

ያን ዕለት ማይሉን ሳይ 15,200 ደርሷል። ያ 80 ማይል እዚህ ላይ መጣ። ሰው ሁሉ 24 ወር ሲባል ጊዜ አለኝ ይላል። እንደኔ ሩቅ የሚሠራ ሰው የሚያልቅበት ግን ማይሉ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ መኪናዋን አቆምኳትና ከባልደረባዬ ጋር እየተዳበልኩ ነዳጅ እያዋጣሁ ሄድኩ።

አዲሱ ደብዳቤ አንድ ገጽ ብቻ ነበር። የመኪናዋ ቁጥር፣ የገዛሁበት ቀን፣ ችግሩ፣ የተሞከረባቸው ቀናት። ከሥር ገንዘቤ እንዲመለስ እጠይቃለሁ። ጥቂት ዶላር ለመቆጠብ የመቀበያ ማረጋገጫውን እንዳትተዉት። ከአሥር ቀን በኋላ አረንጓዴዋ የፖስታ ካርድ ተፈርማ ተመለሰች። ለእኛ ሰው አረንጓዴ ካርድ ሲባል ሌላ ነው ትዝ የሚለው። እኔ ግን የዚያን ቀን ይህችኛዋን ደጋግሜ አየኋት። ፊርማውና ቀኑ በእጅ ተጽፏል። አምራቹ ደብዳቤው ከደረሰው ጀምሮ ለመጠገን 30 ቀን አለው። ከዚህ በኋላ አምራቹ በሳምንቱ ራሱ ደወለልኝ።

የዋራንቲው መጽሐፍ መጀመሪያ ከሻጩ ጋር ተነጋገሩ፣ ካልሆነ የደንበኞች መስመር ደውሉ ይላል። እኔ አትድከሙ እላለሁ። ሁለተኛ ጊዜ ያው ችግር ሲመጣ ደብዳቤውን ላኩ። የስልክ ንግግር ቀናችሁንና ማይላችሁን ይበላል። የስቴቱ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ቢሮ የሸማቾች ክፍል አቤቱታ ይቀበላል፣ ያስታርቃልም። ጥሩ ነው፤ ግን ከደብዳቤው በኋላ ይሁን።

ፌብሩዋሪ ላይ የአምራቹ ቴክኒሻን መጥቶ አራተኛውን ጥገና አደረገ። በዘጠነኛው ቀን ቤቴ አጠገብ መብራት ላይ ጠፋች። ከዚያ በኋላ ያለው ለጠበቃው ነው። ፍርድ ቤት ለረታ ሸማች የጠበቃ ወጪ ሊፈርድለት ስለሚችል፣ እንዲህ ያለውን ጉዳይ ከደንበኛው ሳያስከፍሉ የሚይዙ ጠበቆች አሉ። ጠበቃ አልችልም ብላችሁ አትቅሩ።

መጀመሪያ 3,000 ዶላር ወስደሽ መኪናሽን ያዢ አሉኝ። ባለቤቴ እንቀበል አለ፤ ደክሞት ነበር። ልጆቼን በዚያ መኪና አልጭንም አልኩ። ቀጥሎ ገንዘቡን ለመመለስ ተስማሙና ስለ ተጠቀምሽበት ብለው 15 ከመቶ፣ 5,190 ዶላር ሊቆርጡ ጠየቁ። ሕጉ የሚፈቅደው ጣሪያ ያ ነው፤ ግን ጣሪያ ነው እንጂ ዋጋው አይደለም። ጠበቃዬ ችግሩን እስካሳወቀችበት ቀን ድረስ የተነዳው ብቻ ይቆጠር ብሎ ተከራከረ። በሜይ 3,000 ማይል ገደማ ነበር። ወረቀት ያለኝ ግን ከሴፕቴምበር ነው፤ 8,000 ማይል። በመጨረሻ 2,400 ተቆረጠ። ያ የጓሮ በር ስንት እንዳስከፈለኝ ሒሳቡን ስሠራ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ገንዘቡ ሲመጣ ቀሪ ብድሩ በቀጥታ ለክሬዲት ዩኒየኑ ሄደ፤ የተረፈው ለእኔ። የታርጋና የምዝገባ ክፍያውም ተመልሷል።

ያስረከብኳት ጁን 2023 ላይ ነው። የልጆቹን ወንበር ፈታሁ፣ መስታወቱ ላይ የሰቀልኳትን መስቀል አወረድኩ። የአምራቹ ሰው መኪናዋን ዞሮ አየ፣ ማይሏን መዘገበ፣ እዚህ ጋ ፈርሚ አለኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ ቆሜ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ሰውዬው ሰዓቱን አየ። አንብቤ ስጨርስ መጀመሪያ የእኔን ኮፒ ስጠኝ አልኩት፤ ሰጠኝ፤ ከዚያ ፈረምኩ።