ከታቻችን ሰው አለ

ደሴ ላይ ሜዳ መሬት አግኝቶ ቤት መሥራት ዘበት ነው። ከተማዋ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መሀል፣ ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ሜዳ ሜዳው ድሮ ተይዞ አልቋል። ለእኛም የደረሰን ተዳፋት ነው። 200 ካሬ፣ 10 በ20። መንገዱ ከላይ ነው። ከመንገዱ ጠርዝ እስከ ታችኛው አጥር ድረስ መሬቱ 8 ሜትር ይወርዳል። ቀያሹ ቁጥሩን ሲነግረን ባለቤቴ ዝም አለ። እኔ ግን ቦታውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወድጄዋለሁ። ከዚያ ላይ ከተማው በሙሉ ይታያል፤ ጠዋት ጉሙ፣ ማታ መብራቱ።

ዛሬ የታችኛው የድጋፍ ግንብ ተጠናቀቀ። ግንበኞቹ ሪቴይኒንግ ነው የሚሉት፣ እኛም ለምደነዋል። ያገኘኝ ሰው ሁሉ ሳሎኑ ስንት በስንት ነው፣ ኪችኑ በየት በኩል ነው ይለኛል። ስለ ግንቡ የጠየቀኝ የለም። የገንዘባችን ትልቁ ክፍል የገባው ግን እዚያ ነው። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ከመምጣቱ በፊት ስለ እሱ ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

ስንጀምር የተሰጠን ዲዛይን ለሜዳ የተሳለ ነበር። የሠራው ቢሮ ቦታውን መጥቶ አላየም። በወረቀት ላይ ያማረ ጂ ፕላስ ዋን ነው። እሱን እኛ ቦታ ላይ ለማስቀመጥ ግን ከላይ በኩል ተራራውን ወደ 5 ሜትር የሚጠጋ ቁመት ገደል አድርጎ መቁረጥ ያስፈልጋል። አለበለዚያ ግማሹን ቆርጦ፣ በወጣው አፈር የታችኛውን ግማሽ መሙላት ነው። ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ ርካሽ ይመስላል። ነገር ግን የቤቱ ግማሽ ጠንካራ መሬት ላይ ይቀመጣል፣ ግማሹ ሙሌት ላይ። ሙሌት በደንብ ካልተጠቀጠቀ ከዓመት ዓመት ይወርዳል። ያኛው ወገን አይወርድም። ያን ጊዜ ቤቱ መሀል ላይ ይሰነጠቃል። በሰፈራችን ግድግዳው እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያለው ቤት አይቻለሁ፤ ሰዎቹ እስከ ዛሬ ይኖሩበታል።

ከዚያ ሌላ ወጣት ኢንጂነር አገኘን። ይህ ልጅ ምንም ሳይስል በፊት ቦታው ላይ መጥቶ ቆመ። ላይ ታች ወረደ ወጣ። ባህር ዛፎቹን እያየ ብዙ ቆየ። ምን እንደሚያይ ስጠይቀው ግንዳቸውን አሳየኝ። ከሥራቸው ወደ ታች ዘመም ብለው፣ ከዚያ ተቃንተው ወደ ላይ ያደጉ ነበሩ። «አፈሩ ቀስ እያለ ይንሸራተታል፤ ዛፉ ደግሞ ወደ ላይ ለመቆም ይታገላል» አለኝ። ሁሉም ዛፍ እንደዚያ አልነበረም። ከመሀል ወደ ግራ ያሉት ናቸው። በቀኝ በኩል ያሉት ቀጥ ያሉ ናቸው። ቤቱን ወደ ቀኝ አስጠጋው። ግቢያችን በግራ በኩል የሆነው ለዚህ ነው።

አዲሱ ዲዛይን ተራራውን ደረጃ በደረጃ ይከተላል። ሦስት ወለል አለው፣ እያንዳንዱ 4 ሜትር ጥልቀት። ከአንዱ ወደ ሌላው 10 ደረጃ ይወረዳል። በዚህ ዓይነት የትኛውም ቦታ ላይ የሚቆረጠው መሬት ከሰው ቁመት አይበልጥም። መግቢያው ከላይ ከመንገዱ ነው። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት የእሷ መኝታ፣ ኪችኑና ሳሎኑ ላይኛው ወለል ላይ ሆኑ። ደረጃ ሳትወርድ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ትመለሳለች። እኛ መሀል፣ ልጆቹ ታች። ከሁሉም በላይ የወደድኩት ይህን ነው። ከሌላ ቦታ የመጣ ፕላን እናቴን አያውቃትም።

አንድ ያላሰብኩትን ነገርም ከእሱ ተማርኩ። መታጠቢያ ቤቶቹን ሁሉ ላይኛው ወለል ላይ አደረጋቸው። ልጆቹ ሽንት ቤት ለመሄድ ደረጃ ሊወጡ ነው ብዬ ተቃወምኩ። እሱ ግን ስለ ፍሳሽ መኪና አስረዳኝ። መኪናው መንገዱ ላይ ቆሞ ነው በቱቦ የሚስበው። የሚስበው ደግሞ በአየር ግፊት ነው። በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ እንኳን ውሃን በዚህ መንገድ ከ10 ሜትር በላይ ወደ ላይ መሳብ አይቻልም። ደሴ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ገደቡ ከ8 ሜትር በታች ይወርዳል፤ በተግባር ከዚያም ያንሳል። ሴፕቲክ ታንኩን ግቢው መጨረሻ ላይ ብንቀብረው ኖሮ ሲሞላ ባዶ የሚያደርገው መኪና አይገኝም ነበር። አሁን የታንኩ ወለል ከመንገዱ 5 ሜትር ዝቅ ብሎ ነው። ተደፍኖ የተሠራ ነው፤ ወደ መሬት አያሰርግም። ተዳፋት ላይ ፍሳሽ ወደ አፈር ማስረግ ራሱ መሬቱን ማላላት ነው።

ኮለኖቹን፣ ማለትም የቤቱን ምሰሶዎች በሚመለከት ሌላ ክርክር ነበር። አንዳንድ ሰው ተዳፋት ላይ ቤቱን ረጃጅም ኮለን ላይ ሰቅሎ ከሥሩ ባዶ ይተወዋል። ቁፋሮ ያተርፋል። እኔም ይቻል እንደሆነ ጠይቄ ነበር። ችግሩ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ ነው። ከታች በኩል ያሉት ኮለኖች ረጃጅም ስለሆኑ ይወዛወዛሉ። ከላይ በኩል ያሉት አጫጭሮቹ ግን ግትር ናቸው፤ ስለዚህ ኃይሉ እነሱ ላይ ይከመራል። ቀድመው የሚሰበሩት አጫጭሮቹ ናቸው። እኔ ተቃራኒው ይመስለኝ ነበር። እኛ ደግሞ ያለነው የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው። በግንቦት 1953 የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል፤ ካራ ቆሬ ከዚህ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። በ2017 ደግሞ የፈንታሌ አካባቢ ሲንቀጠቀጥ ብዙ ሰው ከቤቱ እየወጣ አድሯል። ስለዚህ ኮለኖቻችን በሦስቱም ወለል አጫጭርና እኩል ሆኑ፤ በቢም፣ በአግዳሚ ተሸካሚ፣ ተያያዙ።

አሁን ወደ ግንቡ ልመለስ።

የታችኛው ግንብ 3 ሜትር ቁመት አለው። ከሥሩ ውፍረቱ 1 ሜትር ተኩል ነው፣ ወደ ላይ እየቀጠነ ይሄዳል። በጥቁር ድንጋይ ነው የተገነባው። ኢንጂነሩ ቁጭ ብሎ ሒሳቡን ሠራልኝ። እንዲህ ያለ ግንብ ጀርባ ውሃ ሞልቶ መውጫ ቢያጣ፣ በእያንዳንዱ 1 ሜትር ርዝመት ላይ ውሃው ብቻ 45 ኩንታል ያህል ይገፋል። ይህ የአፈሩን ግፊት ሳይጨምር ነው። የእኛ ግንብ ርዝመት 10 ሜትር ነው። 450 ኩንታል! ግንብ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ ሲሚንቶ ተሰርቆ ነው፣ ድንጋዩ መጥፎ ነው ይባላል። አንዳንዴም እውነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ግንቡን የሚጥለው የታፈነ ውሃ ነው።

ስለዚህ ከግንቡ ጀርባ አፈር አልተሞላም። ጠጠር ነው የገባው። ከሥሩ የተበሳሳ ቱቦ ተጋድሟል። ግንቡ ላይም በየሜትር ተኩሉ ቀዳዳ ተትቷል። ዋና ግንበኛችን እድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። ለእያንዳንዷ ቀዳዳ የሚሆነውን የፕላስቲክ ቱቦ ራሳቸው ቆርጠው፣ ወደ ውጭ ትንሽ ዝቅ እንዲል በውሃ ልክ እየለኩ ነው ያስቀመጡት። አንድ ወጣት ሠራተኛ አንዷን ቀዳዳ በሞርታር ደፍኗት ሲያዩ ድንጋዩን አስነቅለው እንደገና አሠሩት። ልጁ አኮረፈ። እሳቸው ምንም አላሉትም፤ ምሳ ሰዓት ላይ ከራሳቸው ቆርሰው አጎረሱት።

የኮንሶ እርከኖች በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። እዚያ እስከ 5 ሜትር የሚደርስ የድንጋይ ካብ አለ፤ ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ። ውሃው በድንጋዮቹ መሀል እየሾለከ ይወጣል፣ አፈሩ ይቀራል። ትውልድ ከትውልድ እየጠገነው ዘመናት አልፎ ቆሟል። እኛ ሲሚንቶ ስለተጠቀምን ነው ቀዳዳ የምንተወው።

ውሃው በየት በኩል እንደሚመጣ የነገሩን ግን ከእኛ ግቢ በታች የሚኖሩት እናት ናቸው። ቁፋሮው ሲጀመር ብቅ ብለው ያዩ ነበር። አንድ ቀን ቡና አፍልተው ለሠራተኛው ሁሉ አመጡ። ሲኒውን እየሰጡኝ በዱላቸው አንድ ቦታ አሳዩኝ። «ልጄ፣ እዚህ ጋ ቄጠማ እናጭድ ነበር። ለቡናችን። በበጋም አይደርቅም» አሉኝ። ሄደን አየን። ዙሪያው ሁሉ ደርቆ ቢጫ ሆኖ ሳለ አንድ ጎን ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል ቦታ አረንጓዴ ነበረች። ጋሼ በዶማ ትንሽ ቢቆፍሯት ቀዝቃዛ ውሃ አቆረች። የዘመሙት ባህር ዛፎች የሚጀምሩት ልክ ከዚያ ሥር ነው። ኢንጂነሩ ወዲያው ወረቀቱን አውጥቶ የቱቦውን መስመር ወደዚያ ዞር አደረገው። የአፈር ምርመራው ይህን አላሳየም፤ የተቆፈረው ሌላ ቦታ ላይ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኚህን እናት ሳላስባቸው የዋልኩበት ቀን የለም። የጭቃ ቤታቸው ጣሪያ ከግንባችን ሥር ጥቂት ሜትር ርቆ ይታያል። የልጅ ልጆቻቸው እዚያው ጥግ ላይ ይጫወታሉ። ግንቡ የእኛን ግቢ የሚይዝ ይመስላል እንጂ፣ ቢወድቅ የሚወድቀው እነሱ ላይ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ጎፋ ዞን ላይ የሆነውን ማንም አልረሳውም። ዝናብ የጠጣ ተራራ ተንዶ ሰው ቀበረ፤ ሊያወጡ የሄዱት ሰዎች ላይ ደግሞ ሁለተኛው ናዳ መጣ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ደሴም የመሬት መንሸራተት የምታውቅ ከተማ ናት። ክረምት ሲገባ ከታቻችን ያሉ ሰዎች እንቅልፋቸውን እንዲተኙ ማድረግ የእኛ ግዴታ ነው። ሕግ ቢያስገድድም ባያስገድድም።

ለዚህ ነው ሲኖትራክ ሲመጣ ራሴ የምቆመው። አንድ ሲኖ አሸዋ 16 ሜትር ኩብ ነው፣ ወደ 250 ኩንታል ይመዝናል። ሹፌሩ ቶሎ ገልብጦ መሄድ ስለሚፈልግ ገደሉ ጠርዝ ላይ ይጠጋል። ከተቆረጠ መሬት አናት ላይ ያን ያህል ጭነት ማስቀመጥ ናዳ መጥራት ነው። ከመንገዱ ማዶ እንዲያራግፍ አደርጋለሁ። ከዚያ በባሬላ ይወርዳል። ለሠራተኞቹ ድካም ነው፤ የጉልበት ዋጋውን ጨምረንላቸዋል። ቁፋሮውም በአንዴ አልተቆረጠም። በርዝመቱ 3 ሜትር ይቆፈራል፣ ይገነባል፣ ከዚያ ዘልለው ሌላ 3 ሜትር ይይዛሉ። ቀርፋፋ ነው። ተራራው ግን አንድም ቀን ሙሉ ለሙሉ ያለ ድጋፍ አልዋለም።

የሚቀረው የጣሪያው ውሃ ነው። 100 ካሬ ጣሪያ ላይ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 4000 ሊትር ይሆናል፤ 20 በርሜል ማለት ነው። ይህ ለደሴ ክረምት ብርቅ አይደለም። ዝም ብለን ብንለቀው በቀጥታ እናቲቱ በር ላይ ይወርዳል። የተወሰነውን በሮቶ እንይዛለን። ቀሪው በቦይ ወርዶ የከተማው ቦይ ውስጥ መግባት አለበት፤ እዚያ ለመድረስ ደግሞ የሁለት ጎረቤት ግቢ ማለፍ ግድ ነው። ባለፈው እሑድ ከሁለቱም ጋር ተነጋገርን። አንደኛው ሼህ ናቸው፤ «አብሽሪ፣ የኔንም ውሃ ይዞልኝ ይሄዳል» ብለው ወዲያው ፈቀዱ። ሁለተኛው ወጪው ማን ላይ እንደሆነ ጠየቀ። ቦዩን እኛ እንደምንሠራ፣ ለማጽዳቱ ግን ሦስታችንም በየተራ እንደምንወጣ ተስማማን። ቃሉን በወረቀት አስቀምጠን ፈረምን። እናቲቱም ምስክር ሆነው አውራ ጣታቸውን አሳረፉ።

በልግ ከመግባቱ በፊት ቦዩ ማለቅ አለበት። እዚህ የበልግ ዝናብ ከክረምቱ ቢያንስም አዲስ የተቆፈረ መሬትን ያሸንፋል። ባለቤቴ ጣሪያውን አሁን እንምታ፣ ቆርቆሮ ዋጋው እየጨመረ ነው ይላል። ልክ ነው፣ እየጨመረ ነው። ቢሆንም ቆርቆሮው ቢገዛም ቦዩ ሳያልቅ አይመታም ብለን ተስማምተናል። ቱቦው ነገ ይመጣል። ጋሼ ጠዋት ላይ ከታችኛው አጥር እንደሚጀምሩ ነግረውኛል።