የሥራ ክሬዲት ሳይሞላ ዲሴቢሊቲ፦ የአክስቴን የኤስ ኤስ አይ ማመልከቻ የያዝኩበት መንገድ

አሜሪካ ውስጥ እኛ «ዲሴቢሊቲ» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ሁለት የተለያየ ገንዘብ ነው። ኤስ ኤስ ዲ አይ ከደመወዝ ላይ በተቆረጠ የሶሻል ሴኩሪቲ ታክስ የተገዛ መድን ስለሆነ የሥራ ክሬዲት ይጠይቃል። ኤስ ኤስ አይ ደግሞ ገቢያቸውና ንብረታቸው ትንሽ ለሆነ አካል ጉዳተኞች፣ ዓይነ ስውራንና 65 ዓመት ለሞላቸው ከመንግሥት አጠቃላይ ገቢ የሚከፈል ነው፤ ክሬዲት አይጠይቅም። ለዜጋ አይጠይቅም ማለቴ ነው። ለግሪን ካርድ ባለቤት ያው ክሬዲት በፊት በር ወጥቶ በጓሮ ይገባል። የአክስቴን ማመልከቻ ስይዝ ብዙ ጊዜ የወሰደብኝም ይኸው ነው።

መጀመሪያ የሥራ ታሪኳን አወጣን። በሶሻል ሴኩሪቲ ድረ ገጽ ላይ አካውንቱን የከፈተችው ራሷ ናት፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ። ባለቤቱ ቢፈቅድም እንኳ በሌላ ሰው ስም አካውንት መክፈት ክልክል ነው። እዚያ ላይ በየዓመቱ የተመዘገበላት ገቢ ይታያል። በ2025 አንድ ክሬዲት የሚገኘው በ1,810 ዶላር ገቢ ነበር፤ በዓመት ከአራት በላይ አይሰጥም፣ ስለዚህ 7,240 ዶላር ያገኘ ሰው የዓመቱን ሞላ። አክስቴ ሆቴል አልጋ እያነጠፈች የሰበሰበችው 14 ብቻ ነበር። በ52 ዓመት ዕድሜ ታምሞ ሥራ ላቆመ ሰው ኤስ ኤስ ዲ አይ 30 ክሬዲት ይፈልጋል፤ ከነዚያም 20ዎቹ ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት ባሉት 10 ዓመታት ውስጥ የተገኙ መሆን አለባቸው። አገር ቤት ያስተማረችበት ዘመን አይቆጠርም፤ በአሜሪካና በኢትዮጵያ መካከል የሥራ ዘመንን የሚያደማምር ስምምነት የለም።

ተስፋ ከመቁረጣችን በፊት ግን ዓመት በዓመት ከደብሊው-2 (አሠሪ በየዓመቱ ከሚሰጠው የደመወዝ ወረቀት) ጋር አመሳከርን። የጎደለ ገቢ ካለ ማስተካከል ይቻላል። ይህ በተለይ ታክሲና ኡበር ለሚነዱ ሰዎች ይጠቅማል፦ ክሬዲት የሚሰጠው ወጪ ተቀንሶ በቀረው ትርፍ ላይ እንጂ እጅ በገባው ገንዘብ ላይ አይደለም። ታክስ ለመቀነስ ወጪን ሲያበዛ የኖረ ሾፌር ሃያ ዓመት ነድቶ ክሬዲት ሊጎድልበት ይችላል። በግል ሠርቶ ታክስ ያላስገባ ሰው የዚያን ዓመት ገቢ ማስመዝገብ የሚችለው ዓመቱ ካለቀ በ3 ዓመት ከ3 ወር ከ15 ቀን ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ታክሱን ቢከፍልም ክሬዲቱን አያገኝም።

ወደ ኤስ ኤስ አይ ስንዞር የመጣው ጥያቄ የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ከኦገስት 1996 (በፈረንጆች) ወዲህ ባለው ሕግ የግሪን ካርድ ባለቤት በአጠቃላይ 40 የሥራ ሩብ ዓመት፣ ማለትም 40 ክሬዲት፣ ያስፈልገዋል፤ ከኦገስት 22 ቀን 1996 በኋላ የገባ ከሆነ ደግሞ 40ው ቢሞላለትም አምስት ዓመት ይጠብቃል። ስደተኛ ሆኖ የገባ ወይም ጥገኝነት የተሰጠው ሰው ያለ ክሬዲት ማግኘት ይችላል፣ ግን ለ7 ዓመት ብቻ። ጊዜያዊ ከለላ፣ ማለትም ቲ ፒ ኤስ፣ ብቻውን አያበቃም። የዲቪ ሰው ከሁሉም ይከብደዋል፤ 40 እስኪሞላ ወይም ዜጋ እስኪሆን ደጅ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ 40ውን ብቻውን መሙላት እንደሌለበት ነው። በጋብቻ ዘመን የትዳር ጓደኛ የሠራው ይደመራል፤ 18 ዓመት ሳይሞላን ወላጆቻችን የሠሩትም እንዲሁ። ባልና ሚስት አምስት አምስት ዓመት ሙሉ ቢሠሩ ሁለቱም 40 ያገኛሉ ማለት ነው። የአክስቴ ባል በጋብቻቸው ዘመን 30 ነበረው፣ ከእሷ ጋር 44። ከዚያ ግን የሚቀነስ አለ፦ ከ1996 መጨረሻ ወዲህ ፉድ ስታምፕ፣ ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ትንሽ ለሆነ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን፣ የድንገተኛ ሕክምናው ሳይጨምር) ወይም የመሳሰለ የፌዴራል ድጎማ የተወሰደበት ሩብ ዓመት አይቆጠርም። በዚህ 3 ወደቀብን፤ 41 ቀረ። ተርፎን ነው እንጂ አፋፍ ላይ ነበርን። ለመደመር የጋብቻ ማስረጃው ዋናው ቅጂ ቀረበ፤ ትርጉሙን ቢሮው በራሱ ወጪ ያሠራል። የተፋቱ ከሆነ የቀድሞ ባል ሩብ ዓመት አይሰጥም፤ የፍቺ ወረቀት ለመፈረም የሚቸኩል ሰው ይህንን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

40 የማይሞላለት ሰው መንገዱ ዜግነት ነው። በሕመም ምክንያት እንግሊዝኛና የዜግነት ጥያቄውን ማጥናት የማይችል ከሆነ ሐኪሙ ኤን-648 የሚባለውን ፎርም ይሞላለታል። ፎርሙ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ሐኪሙ የበሽታውን ስም ብቻ ጽፎ፣ በሽታው መማርንና ማስታወስን እንዴት እንደሚከለክል ሳያስረዳ ሲቀር ነው።

ማመልከቻውን በ1-800-772-1213 ደውለን ጀመርን። አማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ነው፤ ዘመድ እንዲያስተረጉም አይገደድም፣ እኔም ባላስተረጉም እመርጣለሁ። ስልኩ ላይ «ለኤስ ኤስ አይ ማመልከት እፈልጋለሁ» ብሎ ቀኑን ማስመዝገብ ትልቅ ነገር ነው። ኤስ ኤስ አይ የሚከፈለው ማመልከቻው ከገባበት ወር ቀጥሎ ካለው ወር ጀምሮ ነው፤ ወደ ኋላ አይሄድም። በወሩ መጨረሻ ቀን መደወልና በማግስቱ መደወል የአንድ ወር ክፍያ ልዩነት አለው። ቀኑ ከተያዘ በኋላ ፎርሙን ለመጨረስ 60 ቀን አለ።

ንብረት ላይ ልብ ይበሉ። ጣሪያው ለአንድ ሰው 2,000፣ ለባልና ሚስት 3,000 ዶላር ነው፤ ከ1989 ጀምሮ አልተነካም። የሚኖሩበት ቤትና አንድ መኪና አይቆጠሩም። አዲስ አበባ በስሟ ያለ ቤት ግን፣ እሷ ስለማትኖርበት፣ ይጠየቃል፤ መደበቅ አያዋጣም። የሚታየው በየወሩ የመጀመሪያ ቀን በሂሳቡ ውስጥ ያደረው ገንዘብ ነው። እቁብ ደርሷት ከባንክ ሳይወጣ ወሩ ከዞረ ንብረት ሆነ ማለት ነው። ሌላው የኛ ሰው ልማድ የጋራ አካውንት ነው፦ ለምቾት ሲባል ስሟ በእህቷ ልጅ አካውንት ላይ ገብቶ ነበር። በጋራ አካውንት ያለ ገንዘብ ሁሉ የአመልካቿ ነው ተብሎ ይገመታል። ገንዘቡ የማን እንደሆነ በጽሑፍና በባንክ መግለጫ አስረድተን ስሟን አስወጣን። ጣሪያው ስር ለመግባት ብሎ ገንዘብን ወይም ቤትን ለዘመድ መስጠት ደግሞ እስከ 36 ወር ያስከለክላል።

ገቢው እንዲህ ተሰላ። የ2025 የፌዴራሉ ሙሉ ክፍያ ለአንድ ሰው 967፣ ለባልና ሚስት 1,450 ዶላር ነበር። ባሏ ከታክስ በፊት በወር 2,000 ያገኛል። ከዚያ 20 ይነሳል፣ ቀጥሎ 65፤ የቀረው 1,915 ለሁለት ሲካፈል 957.50። ይህ ከ1,450 ሲቀነስ 492.50 ዶላር ይደርሳታል። ቤት ውስጥ ትንሽ ልጅ ካለ ለልጁ የሚሆን ከባል ገቢ ላይ አስቀድሞ ስለሚነሳ ክፍያው ከፍ ይላል። ዘመድ ቤት በነፃ የሚኖር ሰው የመጠለያው ዋጋ እንደ ገቢ ይታይበታል፤ ምግብ ግን ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ጀምሮ አይቆጠርም። እንጀራ ያበላ ዘመድ ከእንግዲህ ጉዳት አያደርስም።

የሕክምናው ክፍል ሌላ ዓለም ነው። ሕመሙ 12 ወር የቆየ ወይም የሚቆይ መሆን አለበት፤ ውሳኔውንም የሚሰጠው የክልሉ ገምጋሚ ክፍል እንጂ የሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ራሱ አይደለም። ኤስኤስኤ-827 የሚባለውን የሕክምና መረጃ ፈቃድ ፈረመች፤ እኔ ደግሞ በአንድ ገጽ የክሊኒኮቹን ስም፣ አድራሻ፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀጠሮ ቀን፣ የራጅና የኤም አር አይ ቀን በሰንጠረዥ አስቀመጥኩ። ያለዚያ ገምጋሚው የሚያገኘው ከመዝገቡ ግማሹን ነው። ጸበል ከርማ ሐኪም ያላየችባቸውን ወራትም ምክንያቱን ጽፈን አስገባን፤ ባዶ ወር «ተሽሏታል» ተብሎ ይነበባል።

ሐኪሙ «መሥራት አትችልም» ብሎ የጻፈው ደብዳቤ ምንም አልፈየደም። ከማርች 27 ቀን 2017 በኋላ በገቡ ማመልከቻዎች ገምጋሚው ይህን ዓይነት ዓረፍተ ነገር መመዘን የለበትም። የሚያስፈልገው ቁጥር ነው፦ በ8 ሰዓት ውስጥ ስንት ሰዓት ትቆማለች፣ ስንት ፓውንድ ታነሳለች፣ ስንቴ መጋደም አለባት። የሆቴል ጽዳት ዝቅተኛ ሙያ የሚጠይቅና ወደ 6 ሰዓት የሚቆሙበት ቀላል ሥራ ተብሎ ይመደባል። 50 ዓመት ያለፈ፣ ወደ ሌላ ሥራ የሚዛወር ሙያ የሌለው ሰው ከ2 ሰዓት ገደማ በላይ መቆም፣ ከ10 ፓውንድ በላይ ማንሳት እንደማይችል ከተረጋገጠ በአብዛኛው ገምጋሚው ዕድሜን፣ ትምህርትንና ሙያን የሚያይበት የሶሻል ሴኩሪቲ ሰንጠረዥ ራሱ ይወስንለታል። ከ50 በታች ለሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራም እንደማይችል ማሳየት ግድ ነው። እንግሊዝኛ አለመቻል ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ በዚህ ሰንጠረዥ አይረዳም፤ አሁንም «ቋንቋ ስለማትችል ይሰጧታል» የሚል ሰው አያጣም።

የመጀመሪያው መልስ እምቢታ ነበር፣ ጥፋቱም የኔ ብዕር። የዕለት ኑሮ በሚጠየቅበት ኤስኤስኤ-3373 ላይ «ምግብ ትሠራለች» ብዬ አለፍኩ። በይግባኙ ላይ ያው ነገር እንዲህ ተጻፈ፦ ሽንኩርት የምትከትፈው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው፤ 10 ደቂቃ ቆማ ታርፋለች፤ ድስቱን ከምድጃ የሚያወርድላት ባሏ ነው፤ እንጀራ መጋገር ትታለች። ሁለቱም እውነት ናቸው፣ የሚያነበው ሰው የሚያየው ግን የተለያየ ሴት ነው። የሥራ ታሪክ ፎርሙ ላይም ከጁን 2024 ጀምሮ የሚጠየቀው ያለፉት 5 ዓመታት ብቻ ነው፤ የድሮውን ሁሉ መዘርዘር አያስፈልግም።

ይግባኝ እምቢታው በደረሰ በ60 ቀን ውስጥ ነው፤ ለፖስታ 5 ቀን ይታሰባል። አዲስ ማመልከቻ ማስገባት ይቀላል የሚሉ አሉ፤ የመጀመሪያውን ቀንና የተጠራቀመውን ክፍያ ይጥላል። ሐኪም ዘንድ እንድትመረመር በመንግሥት ወጪ ቀጠሮ ከሰጧት ደግሞ መቅረት አይቻልም፣ መቅረት ብቻውን ለእምቢታ ይበቃል። ጠበቃ ከተያዘ የሚወስደው ከተጠራቀመው 25 በመቶ ነው፣ በ2025 ቢበዛ 9,200 ዶላር ነበር፤ ጉዳዩን ካላሸነፈ ክፍያ የለውም።

ተፈቅዶ ከመጣ በኋላ ሜሪላንድና ዲሲ ሜዲኬይድ አብሮ ይመጣል። ቨርጂኒያና ሚኒሶታ ግን የራሳቸውን መስፈርት ስለሚጠቀሙ ለብቻው ማመልከት ያስፈልጋል። የባሏ ደመወዝ ሲቀየር፣ ቤት ስትቀይር፣ ለውጡ ከተከሰተበት ወር ቀጥሎ ባለው ወር እስከ 10ኛው ቀን ማሳወቅ አለባት፤ ያለዚያ ትርፍ ተከፍሏል ተብሎ ይመለሳል። አገር ቤት ለመሄድ ስትነሳም ቀን መቁጠር የኔ ሥራ ሆኗል፦ 30 ቀን በተከታታይ ከአሜሪካ ውጭ ከቆየች ክፍያው ይቆማል፣ የሚቀጥለውም ተመልሳ 30 ተከታታይ ቀን እዚህ ከተቀመጠች በኋላ ነው። ትኬቷን የምቆርጠው ለ26 ቀን ነው፤ በረራ ቢሰረዝ መጠባበቂያ እንዲኖር።