ዱካ ፍለጋ፦ በስደት ለአልትራማራቶን መዘጋጀት

ለረጅም ሩጫ የሚዘጋጅ ሰው የሚሮጥበት መንገድና ከአልጋው የሚያስነሣው ፍላጎት ያስፈልገዋል። በስደት በኖርኩባቸው ዓመታት የተረዳሁት ነገር ቢኖር ከሁለቱ መቅደም ያለበት መንገዱ መሆኑን ነው። የት እንደሚሄድ ያወቀ ሰው ማለዳ ለመነሣት ብዙ ማባበያ አይሻም፤ መድረሻውን ሳይለይ ፍላጎቱን ለመቀስቀስ የሚታገል ግን፣ በተለይ ከሌሊት ፈረቃ የተመለሰ ከሆነ፣ ገና ጫማውን ሳያስር ይደክመዋል። ስለዚህ "ፍላጎቴ አንድ ሳምንት ይመጣል፣ አንድ ሳምንት ይጠፋል፤ ምን ላድርግ?" ብለው ለሚጠይቁኝ ወገኖቼ መልሴ ሁልጊዜ ከካርታ ይጀምራል።

አልትራማራቶን የሚባለው ከማራቶን ርቀት፣ ማለትም ከ42.195 ኪሎ ሜትር፣ የሚበልጥ ማንኛውም ሩጫ ነው። የተለመዱት ርቀቶች 50፣ 80፣ 100 እና 161 ኪሎ ሜትር ሲሆኑ የመጨረሻው በማይል ሲለካ 100 ማይል ነው። በእኛ ሰው ዘንድ ሩጫ ሲነሣ ቀድመው የሚታሰቡት የትራክና የአስፋልት ውድድሮች ስለሆኑ፣ ብዙዎቹ አልትራዎች በጫካ፣ በተራራና በድንጋያማ ቀጭን መንገድ ላይ እንደሚካሄዱ ስናገር የሚገረሙ አሉ። ከፈረንሳይዋ ሻሞኒ ተነሥቶ በጣሊያንና በስዊዘርላንድ በኩል የሞንብላንን ተራራ ዞሮ የሚመለሰው ዩቲኤምቢ ርዝመቱ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ዳገቱ ሲደመር ወደ 10,000 ሜትር ይጠጋል፤ ይህም በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር በአማካይ 60 ሜትር ያህል ሽቅብ መውጣት ማለት ነው። በካሊፎርኒያ የሚካሄደው ዌስተርን ስቴትስ ደግሞ በ161 ኪሎ ሜትር ውስጥ 5,500 ሜትር ያህል ዳገት ሲኖረው፣ ቁልቁለቱ ከዳገቱ በልጦ 7,000 ሜትር ይደርሳል። ሯጭ የልምምድ ቦታ ከመምረጡ በፊት ማወቅ ያለበት ቁጥር ይህ ነው። የተመዘገበበትን ውድድር ጠቅላላ ዳገት ለርቀቱ አካፍሎ በኪሎ ሜትር ስንት ሜትር እንደሚወጣ ሲያውቅ፣ ከካርታ ላይ የሚፈልገው መሬት ምን ዓይነት እንደሆነ ይገለጥለታል።

ከተማ ውስጥ የሚኖር ስደተኛ ብዙውን ጊዜ በደንብ የሚያውቀው ከቤቱ እስከ ሥራው ያለውን መንገድ ብቻ ነው። እኔም የምኖርበትን ቦታ ለረጅም ጊዜ የማውቀው በአውቶቡስ መስመሮቹ ነበር። ዓይኔን የከፈተልኝ ኦፕንስትሪትማፕ የተባለው፣ በፈቃደኞች የሚሠራው ነጻ ካርታ ነው፤ በመደበኛው የስልክ ካርታ ላይ ባዶ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ቦታ በዚህኛው ላይ በእግረኛ መንገዶች የተሞላ ሆኖ አገኘሁት። የከፍታ መስመሮችን በሚያሳይ ካርታ ላይ መስመሮቹ ተቀራርበው ከታዩ መሬቱ ቀጥ ያለ ዳገት ነው፤ ከተራራቁ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ሌሎች ሯጮች የሚያዘወትሩትን መስመር በደማቅ ቀለም የሚያሳየው፣ ስትራቫ የተባለው የሯጮች መተግበሪያ ካርታም ይረዳል፤ ነገር ግን የሚናገረው ሰዎች የሮጡበትን እንጂ መሮጥ የተፈቀደበትን ስላልሆነ እኔ ለማረጋገጫነት እንጂ ለመነሻነት አልጠቀምበትም። ከፍ ያለ ቦታ በቅርብ የሌለው ሰው ውኃ ይከተል። የድሮ የመርከብ ቦዮች ዳርና ዳር፣ ጀልባ የሚጎትቱ ፈረሶች ይሄዱበት የነበረ መንገድ አላቸው፤ በዚህም ምክንያት ለረጅም ርቀት ሳይቋረጡ ሜዳ ሆነው ይዘልቃሉ። አገልግሎት ያቆሙ የባቡር ሐዲዶች ላይ የተሠሩ የእግር መንገዶችም እንዲሁ ናቸው፤ ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት ስለማይወጣ ከፍታቸው ቀስ ብሎ ነው የሚጨምረው። ለብዙ ሰዓት በእግር ላይ መቆየትን ለመልመድ ከእነዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ከካርታው በላይ ግን ስደተኛን የሚያስጨንቀው "እዚህ መግባት ይፈቀድልኛል ወይ?" የሚለው ጥያቄ ነው። በሰው ሀገር፣ ብቻዬን፣ ከአንድ እርሻ አጥር ፊት ለፊት ቆሜ ልቤ ሲመታ የተመለስኩባቸው ማለዳዎች ነበሩ። ይህን ፍርሃት ያቀለለልኝ የየሀገሩን ሕግና ምልክት ማጥናት ነው። በእንግሊዝና በዌልስ የሕዝብ የእግር መንገዶች በግል እርሻ መካከል ሳይቀር ያልፋሉ፤ ቢጫ ቀስት ያለበት የእግረኛ ሲሆን፣ ሰማያዊ ቀስት ያለበት ፈረሰኛና ብስክሌተኛም የሚያልፍበት ነው። በስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የመሬት ማሻሻያ ሕግ፣ ሰው በኃላፊነት እስከተንቀሳቀሰ ድረስ፣ በአብዛኛው መሬት ላይ የመዘዋወር መብት ሰጥቷል። በአሜሪካ በበርካታ ግዛቶች በዛፍ ግንድ ላይ የተቀባ ሐምራዊ ቀለም መግባት ክልክል መሆኑን ሲያመለክት፣ በምሥራቁ የሀገሪቱ ክፍል 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የአፓላቺያን ዱካ ደግሞ የሚታወቀው በነጭ የቀለም ቅብ ነው። በፈረንሳይ የረጅም ርቀት መንገዶች ምልክት ነጭና ቀይ መስመር ነው። እነዚህን ምልክቶች ማንበብ የቻለ ሰው ሲያስቆሙት አይደነግጥም፤ የቆመበት መንገድ የማን እንደሆነ ያውቃልና።

ስለዚህ መብት ሳነብ ያገኘሁት አንድ ታሪክ ከብዙ የማበረታቻ ንግግር የበለጠ ጉልበት ሰጥቶኛል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1932 በሰሜን እንግሊዝ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ብዙዎቹ በፋብሪካ የሚሠሩ ወጣቶች፣ ለባለርስቶች አደን ተከልሎ ወደነበረው ኪንደር ስካውት ወደተባለ ከፍተኛ ቦታ ሆን ብለው በእግር ወጡ፤ ከእነርሱም አምስቱ ታሰሩ። ብሔራዊ ፓርኮችንና የሕዝብ የእግር መንገዶችን የደነገገው ሕግ የወጣው ከዚያ በኋላ በ1949 ነው። እነዚያ ሰዎች በዕረፍት ቀናቸው ንጹሕ አየር የፈለጉ ሠራተኞች ስለነበሩ፣ እኔም ሥራዬን ጨርሼ ወደ ኮረብታ ስወጣ እንግዳ እንደሆንኩ አይሰማኝም።

መኪና የሌለው ሰው በዚህ ልምምድ ይጎዳል የሚሉ አሉ፤ እኔ በተቃራኒው አምናለሁ። ባለመኪና ካቆመበት ቦታ ተነሥቶ ወደዚያው መመለስ አለበት። በባቡር የሚሄድ ግን በአንዱ ጣቢያ ወርዶ በሌላው ጣቢያ መሳፈር ይችላል፤ በመካከሉ ያለው ኮረብታ ሁሉ የእርሱ ነው። እኔ ፍላጎቴን ያዳንኩት በዚህ መንገድ ነው። የወረድኩበት ባቡር ከሄደ በኋላ ወደ ቤቴ የሚወስደኝ መንገድ የሚያልፈው በተራራው ላይ ነው፤ ዝናብ ቢጥል፣ እግሬ ቢከብድ፣ ልቤ ቢሰንፍም መንገዱ ያው ነው። ቤቴ አጠገብ ባለ መናፈሻ ስዞር በየዙሩ "ይብቃኝ" የሚል ሐሳብ ይመጣብኝ ነበር፤ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ስሮጥ ግን ያ ሐሳብ ቢመጣም የሚያደርገው ነገር የለም።

በዚህ አካሄድ ጊዜን አስቀድሞ መገመት ግድ ነው፤ የመጨረሻው ባቡር አይጠብቅም። ለዚህ የምጠቀምበት ዊሊያም ናይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ቀላል ስሌት ነው፤ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት። 20 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 1,200 ሜትር ዳገት ላለው መስመር ስድስት ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። ስሌቱ የተሠራው ለእግረኛ ስለሆነ ሯጭ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ይደርሳል፤ እኔ ግን በሙሉ ሰዓቱ ነው የማቅደው፣ ምክንያቱም ትርፍ ሰዓቱ መንገድ ለጠፋበት፣ ጭቃ ለያዘው ወይም ቁርጭምጭሚቱ ለታጠፈ ቀን ይሆናል። የምሄድበትን መስመርና የምደርስበትን ሰዓት ለእኅቴ ሳልልክ አልወጣም። ብቻዋን የምትሮጥ ሴት ይህን እንደ ውኃና እንደ ግንባር መብራት ከስንቋ ትቁጠረው። በብዙዎቹ መንገዶች ላይ የእኔን መልክ ያለው ሌላ ሰው አላገኝም፤ በመጀመሪያ ይህ ይከብደኝ ነበር፣ አሁን ግን ከሚያልፈው ሁሉ ጋር ቀድሜ ሰላምታ መለዋወጥን ልማድ አድርጌያለሁ፤ ከሰላምታው በኋላ ሁለታችንም ይቀለናል።

ተራራ ፈጽሞ በሌለበት ቦታ የሚኖር ሰው ተስፋ መቁረጥ የለበትም። 100 ሜትር ከፍታ ያለው አንድ ጉብታ በ10 ኪሎ ሜትር ልምምድ ውስጥ ስድስት ጊዜ ቢወጣና ቢወረድ በኪሎ ሜትር 60 ሜትር ይሆናል፤ ይህም የሞንብላኑ ውድድር መጠን ነው። ደረጃም ይሠራል። ከዳገቱ ይልቅ እንዳይዘነጋ የምለምነው ግን ቁልቁለቱ ነው። ቁልቁል ሲሮጥ የጭን ጡንቻ ክብደት ተሸክሞ እየተለጠጠ ስለሚሠራ በውስጡ ጥቃቅን መሰነጣጠቅ ይደርስበታል፤ በማግሥቱና በሁለተኛው ቀን ደረጃ መውረድ የሚያቅተው በዚህ ምክንያት ነው። ደስ የሚለው ነገር፣ አንድ ጊዜ በልኩ የተጎዳ ጡንቻ ለሚቀጥሉት ሳምንታት ለተመሳሳይ ጫና የተሻለ መቋቋም ያዳብራል። ስለዚህ ከውድድሩ በፊት ባሉት ወራት ቁልቁለት በመጠኑ እየተደጋገመ ይለመድ፤ በውድድሩ ዋዜማ ባሉት ቀናት ግን አይሞከር።

አሁን ስለ ፍላጎት በግልጽ ልናገር። በክረምት ብርሃን ሲያጥርና ብርድ ሲበረታ፣ የወረቀት ጉዳይ ሲጓተት፣ ከቤተሰብ ጥሩ ያልሆነ ወሬ ሲመጣ፣ ማንኛውም ሯጭ ፍላጎቱ ይከዳዋል። እናቴ በስልክ "ልጄ፣ ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ትሠሪያለሽ፣ እግርሽን አታሳርፊውም ወይ?" ስትለኝ የምመልሰው አጣለሁ፤ ጥያቄዋ ፍቅር ነውና። በእንዲህ ያለ ሳምንት ራሴን በመውቀስ ጊዜ አላጠፋም፤ ያልሄድኩበትን አንድ መንገድ ከካርታው ላይ እመርጣለሁ። አዲስ መንገድ ከሌላው ጫፍ ምን እንዳለ የማየት ጉጉት ይፈጥራል፤ ጉጉት ደግሞ ከዲሲፕሊን ይልቅ ቶሎ ያስነሣል። የማውቀውን መስመር ለፍጥነትና ለድግግሞሽ፣ የማላውቀውን ለደከመኝ ጊዜ ለይቼ አስቀምጣለሁ። ብዙዎች የሚያደርጉት የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ሲደክማቸው ወደለመዱት ይመለሳሉ፣ ልማዱም ይሰለቻቸዋል።

ከሰዎች ታሪክም ብርታት አገኛለሁ። በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ በደርባንና በፒተርማሪትስበርግ መካከል የሚካሄደው ኮምሬድስ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሮበርት ምፃሊ የተባለ ጥቁር ሯጭ በ1935 ይህን ርቀት በ9 ሰዓት ተኩል ጨረሰ፤ ግን በይፋ አልተመዘገበለትም። ጥቁሮችና ሴቶች በይፋ እንዲሮጡ የተፈቀደው በ1975 ነው። ዛሬ በ9 እና በ10 ሰዓት መካከል ለሚገቡ ሯጮች የሚሰጠው ሜዳልያ የእርሱን ስም ይዟል። ማንም ሳይመዘግብለት እስከ ፍጻሜው የሮጠ ሰው እንደነበረ ማወቅ፣ ማንም በማያየኝ ጫካ ውስጥ ለምሮጠው ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

የመጀመሪያውን የ100 ኪሎ ሜትር ውድድሬን በሮጥኩበት ሌሊት ደግሞ ስደት የሰጠኝን ያልጠበቅሁትን ጥቅም አየሁ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ጎሕ ከመቅደዱ በፊት ባሉት ሰዓታት፣ የሰው የሰውነት ሙቀት ይቀንሳል፣ እንቅልፍ ይጫናል፣ ልብም ያለ ምክንያት ይከፋል። አብረውኝ የነበሩ ጠንካራ ሯጮች በዚያ ሰዓት ከእርዳታ ጣቢያው ወንበር መነሣት አቃታቸው። እኔ ግን አረጋውያንን በሌሊት እየተንከባከብኩ ያንን ሰዓት ለዓመታት በእግሬ ቆሜ አሳልፌዋለሁ፤ መክፋቱ ብርሃን ሲመጣ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ስለዚህ በየፈረቃችሁ ሌሊት የምታነጉ ወገኖቼ፣ ይህ ድካማችሁ ብቻ ሳይሆን ልምምዳችሁም እንደሆነ ቁጠሩት፤ ከፈረቃ በኋላ ግን ሳትተኙ ወደ ረጅም ሩጫ አትውጡ፣ እንቅልፍ የሌለው ሰው ዱካም ይስታል፣ እግሩም ይሰናከላል።

በቅርቡ ለመጀመሪያዋ የ50 ኪሎ ሜትር ውድድር የተመዘገበች አንዲት እኅት ከየት ልጀምር ብላ ጻፈችልኝ። የላክሁላት ይህን ነው፦ ከቤትሽ በባቡር ወይም በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ውስጥ የሚደረስባቸውን ሁለት ጣቢያዎች ፈልጊ፤ በመካከላቸው ከ12 እስከ 15 ኪሎ ሜትር የሚሆን ምልክት ያለው መንገድ ይኑር። የመጀመሪያውን ጊዜ ጠዋት፣ በብርሃን፣ ዳገቱን እየተራመድሽ ሂጂ፤ ፍጥነትሽን አትመልከቺ። ካርታውን ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አድርገሽ ስልክሽ ላይ አውርጂ፣ የምትደርሺበትን ሰዓት ለአንድ ሰው ንገሪ። ሁለተኛውን ጊዜ ከመጨረሻው ጣቢያ ተነሥተሽ ወደ መጀመሪያው ሩጪው፤ ዳገቱ ቁልቁለት፣ ቁልቁለቱም ዳገት ይሆንልሻል። ሦስተኛውን ጊዜ የምትችይ ከሆነ ንገሪኝ፣ አብሬሽ እመጣለሁ።