ሻንጣዬን የት ላስቀምጥ?

ጎዳና ላይ ስለሚኖሩ ሰዎች «ለምን ሥራ አይሠሩም?» የሚለው ጥያቄ ድሮ ከእኔም አፍ ወጥቶ ያውቃል። ከዚያ እኔም ጎዳና ወጣሁ። ለጥቂት ወራት ነው፣ ግን በቂዬን አይቻለሁ።

አንድ ቀን ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። ያለኝ ንብረት ሁሉ አንድ ሻንጣ ውስጥ ነው። የት ላስቀምጠው? ውጭ ብተወው ይሰረቃል፣ የትምህርት ማስረጃዬም እዚያው ውስጥ ነው። ይዤው ብገባ ደግሞ እኔ አፌን ሳልከፍት እሱ ይናገርብኛል። ይዤው ገባሁ። ሰውየው መጀመሪያ ሻንጣውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ፣ «እንደውልልሃለን» አለኝ። በየት በኩል? ስልኬ ቻርጅ ከተደረገ ሁለት ቀኑ።

መታወቂያ ላሳድስ ስሄድ አድራሻ ይሉኛል። አድራሻ እንዲኖረኝ ቤት ልከራይ ስል የደመወዝ ማስረጃና ቅድሚያ ክፍያ፣ ደመወዝ እንዲኖረኝ ሥራ ስጠይቅ ደግሞ መታወቂያ። ዞሮ ዞሮ እዚያው።

ድህነት ውድ ነው፤ ይሄን የሚያምነኝ ግን ያየው ብቻ ነው። ማብሰያ የሌለው ሰው ለእያንዳንዱ ምግብ ውጭ ይከፍላል። የወር ኪራይ አንዴ መክፈል ያቃተው በየቀኑ ለአልጋ ሲከፍል ይከርማል፣ ወሩ ሲያልቅ ቢደምረው ከቤት ኪራይ ሊበልጥ ይችላል። እንቅልፉማ አይወራ፤ አንድ ዓይን ሳይከደን ነው የሚነጋው።

ጭንቅላትም ይደክማል። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ሕንድ ውስጥ ሸንኮራ አገዳ የሚያመርቱ ገበሬዎችን እጃቸው ባጠረበት ከምርት በፊት ባለው ጊዜና ከምርት በኋላ ፈተናቸው። ያው ሰው፣ ገንዘብ ሲያጥረው የማሰብ ፈተናው ላይ ውጤቱ ዝቅ አለ። እና እኛ «ሰነፍ» እንላለን!

ፊንላንድ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነገሩን ገልብጣዋለች፦ «መጀመሪያ መጠጥ ተው፣ ሥራ ያዝ» ከማለት ይልቅ መጀመሪያ በስሙ የኪራይ ውል ያለው ቤት፣ ሌላው ከዚያ በኋላ። ለዓመታት ጎዳና ላይ የቆዩ ሰዎች ቁጥር በጣም ቀነሰ። እኔ አይገርመኝም።

እኔን ጉብዝናዬ አላወጣኝም። አንድ ጓደኛዬ «ሻንጣህን እኛ ጋ ጣለው፣ አድራሻም የኔን ጻፍ» አለኝ። ይኸው ነው። ቀጣዩ ቃለ መጠይቅ ላይ እጄን እያወዛወዝኩ ገባሁ።